እመት ጎምላላን ያረድሁ ዕለት

ዛሬ ጠዋት የሰፈራችንን እድር አስፈራራሁ። አስቤበት አይደለም፤ አስቤበት የሠራሁት ነገር እንኳ እምብዛም ሲቀናኝ አላየሁም። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ መነጽሬን ስፈልግ ቆየሁና፣ ሲሰለቸኝ በደበዘዘው ዓይኔ ስልኩን ነካክቼ ለእትየ ዘይነብ ልልከው የነበረውን ጽሑፍ የእድሩ ቴሌግራም ውስጥ ጣልሁት። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ነገ ጠዋት ከዞብል እወርዳለሁ። መጀመሪያ ሮቢትን እረግጣለሁ። የቆማችሁ ተቀመጡ፤ የተቀመጣችሁ ተኙ። ውኃ ያለው ግን ይጠብቀኝ፤ ጠምቶኛል።»

ይህን የምትለው የድርሰቴ አውሬ ናት። እድርተኛው ግን ይህን ከየት ይወቀው? ከላይ ያለው የድንኳን ማስታወቂያ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ በእኔ ስም፣ በእኔ ፎቶ፣ ጎረቤት ከተማችንን ሮቢትን እረግጣለሁ የሚል ዛቻ። የተላከውን ሁሉ ሳያነብ የሚመልስ አንድ ሰው አለን፤ ወዲያው «አሜን» አለ። ሌላው «መኪና ተዘጋጅቷል ወይስ በየራሳችን ነው?» ሲል ጠየቀ። ከዚያ የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ካሳ ደወለ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ደኅና ነዎት?»

«ደኅና ነኝ።»

«ዞብል ምን ሊሠሩ ወጡ?»

«ምን ዞብል ያወጣኛል? ቤቴ ነኝ።»

«ታዲያ የሚወርዱት ከየት ነው?»

«የምወርደው እኔ አይደለሁም። አውሬዋ ናት።»

«ባለቤትዎ አጠገብዎ አሉ? እስቲ ስልኩን ለሳቸው ይስጧቸው» አለኝ።

በዚህ ዘመን ከተራራ እወርዳለሁ ብሎ መጻፍ ቀልድ እንዳልሆነ ባለቤቴ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። አጠፋሁት። ግን ጽሑፉ ቀድሞኝ ሄዷል፤ አንዱ ለአንዱ ሲያስተላልፍ ጎብዬ ደርሶ፣ ነኢማ የምትባለው የእትየ ዘይነብ ልጅ ለእናቷ አንብባላታለች። ረፋዱ ላይ የእትየ ዘይነብ የድምፅ መልእክት በስልኬ መጣ፦ «አንተ ታደሰ! ዛሬም አንተው ነህ ውኃ የምትጠይቅ? የኔ ወተትስ?»

እንግዲህ ይህን ያህል ዘመን የሠራሁበት ሙያ ማጠቃለያው ይህች ጥያቄ ናት። የወተቱን ነገር ለማስረዳት ከሥር መጀመር አለብኝ።

ሙያዬ በዓለም ሊኖሩ የማይችሉ ግዙፍ አውሬዎችን መጻፍ ነበር። ነበር ያልሁት ዘንድሮ ስለተባረርሁ ነው። የመጨረሻው አለቃዬ የቴሌግራም ቻናል ያለው ጎረምሳ ነው፤ «ጋሽዬ፣ አውሬዎ ይዘገያል» ብሎ አሰናበተኝ። ትልቅ ነገር ይዘገያል፣ ተፈጥሮው ነው፣ አውቶቡስና ባጃጅ እኩል ይዞራሉ እንዴ ብዬ ተከራከርሁ። «ሰው ከሦስተኛው ዐረፍተ ነገር በፊት ቤት ሲፈርስ ማየት ይፈልጋል» አለኝ። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ እኔ ገና ውሾቹን ዝም እያሰኘሁ ነኝ።

የጀመርሁት ጎብዬ የአማርኛ መምህር ሆኜ በተመደብሁ ጊዜ ነው። የቆቦ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ገጠርን የማውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ተማሪዎቼ ድርሰት ጻፉ ሲባሉ ሁሌ ስለ ሰርግ ይጽፉ ነበርና፣ ሰልችቶኝ አንድ ቀን ለምሳሌ ብዬ የራሴን አነበብሁላቸው፦ አንድ አውሬ መጥቶ ሰርገኛውን ከነድንኳኑ ሲውጥ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ በሰዋስው አግኝቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ተበላሸሁ ማለት ነው።

ወሬው ቆቦ ደረሰና ጋሽ እንድሪስ አስጠራኝ። ጋሽ እንድሪስ ከመናኸሪያው አጠገብ ካሴት ቤት ነበረው። ካሴት ቤት ከመክፈቱ በፊት የግመል ደላላ ነበር፤ ከአፋሮቹ ጋር ቆላ ሲወርድ ሲወጣ የኖረ ሰው ነው። ዘፈን ሁሉም እየቀዳ ስለሚሸጠው አልሆነለትም። ሾፌሮች በጉዞ ላይ የሚያሰሙት፣ ተሳፋሪ ሳይጨርሰው የማይወርድለት ተረክ ፈልጓል። ደመወዙ ከአስተማሪነት አይሻልም ነበር፤ ብቻ ከዚያ የባሰ አልነበረም።

መጀመሪያ ይዤለት የሄድሁት «ከተራራ የሚበልጥ፣ ራሱ ከሰማይ የሚደርስ አውሬ» ይል ነበር። አንብቤ ስጨርስ ጋሽ እንድሪስ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ፣ ካሴት አነሣ፣ እርሳሱን ከቀዳዳው ሰክቶ ቀስ እያለ ያጠነጥን ጀመር። ማጠንጠኛ ማሽን አጠገቡ ቆሟል። በኋላ እንደገባኝ፣ ያልጣመው ነገር ሲሰማ ሁሌ በእርሳስ ነው የሚያጠነጥን፤ ካሴቱ እስኪያልቅ አይናገርም፤ ጸሐፊው እስከዚያ ጥፋቱን ራሱ ይፈልጋል። ከጥፋቴ ብዛት የተነሣ አንድ ካሴት አይበቃኝም ነበር።

«ከተራራ ይበልጣል ስትል ያሳየኸኝ ተራራውን ነው» አለ ሲጨርስ። «አውሬው የታለ?»

ተነሥቶ ከከተማው ምሥራቅ ወዳለ የዘመዱ ማሽላ እርሻ ወሰደኝና ማማው ላይ አወጣኝ። ማማ ማለት ወፍ ጠባቂ ወንጭፉን ይዞ የሚቆምበት የእንጨት ቆጥ ነው። እሱ እንደ ፍየል ወጣ፤ እኔን ወፍ ጠባቂዋ ናት እጄን ጎትታ ያወጣችኝ።

«ዞብል ያውልህ» አለ ጋሽ እንድሪስ። «መንገዱ ያውልህ። አውቶቡስ እየመጣ ነው። አውሬህ እግሯን የት ታሳርፋለች?»

«መንገዱ ላይ።»

«ሾፌሩ ምን ያያል?»

«እግሯን።»

«አያይም! እግር መሆኑን በምን ያውቃል? የሚያየው ጥላ ነው። ደመና መጣ ብሎ በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ለአውሬ «ትልቅ» የሚል ቃል ጽፌ አላውቅም። በጠራራ ፀሐይ መብራት ያበራ ሾፌር ግን ጽፌያለሁ፤ ካሴቱ እዚያ ላይ ሲደርስ መኪናውን አቁሞ ወርዶ ሰማዩን ያየ ሾፌር እንደነበር ነግረውኛል።

ጋሽ እንድሪስ ለእያንዳንዱ አውሬ የሚጠይቀው የደላላ ጥያቄ ነበረው። ምን ትግጣለች? የት ትጠጣለች? ምን ትጥላለች? ጎሊና ወንዝን ጠጥታ አደረቀችው ብዬ ስጽፍ «በበጋ? በበጋ እኮ ጎሊና ለፍየልም አይበቃም፤ አውሬህን በውኃ ጥም ልትገድላት ነው?» አለኝ። ምን ትጥላለች የሚለው ላይ አፈርሁ። ደራሲ ነኝ ብዬ እበት ልጽፍ ነው? «እበት የሌላት ከብት በራያ ማንም አይገዛህም» አለ። እውነቱን ነው፤ ያን ጊዜ የጻፍሁት አንድ ገጽ እበት ከድርሰቶቼ ሁሉ በላይ ተወደደ። አንዱ ገበሬ መንገድ ላይ አስቁሞ «ያን እበት እርሻዬ ላይ ባገኘው» ብሎኛል። በሥነ ጽሑፍ ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ይኸው ነው።

አንድ ድክመት ግን ነበረው። ግመል ይወዳል። ምንም አውሬ ባመጣ «ሻኛ ጨምርላት» ይለኛል። እንሽላሊት አምጥቼ ሻኛ አስወጥቶባታል።

እመት ጎምላላ የተወለደችው እንዲህ ነው። ከዞብል ማዶ ትወርዳለች፣ ሻኛ አላት፣ ሴት ናት፣ ጠምቷታል። ድምፅዋን ለመቅዳት ብዙ ተቃጠልን። ግድግዳው ላይ ፍራሽ አቁመን፣ እርምጃዋን በባዶ በርሜል ስንሞክር ሠርግ መሰለ። በመጨረሻ ማሽላ የሞላ ጆንያ ከጣራ ላይ ጣልነው። እሱም ብቻውን አልበቃም፤ ከጆንያው በፊት ሰሐን ላይ ያለ ብርጭቆና ማንኪያ እንዲንቀጠቀጥ አደረግን። መጀመሪያ ውሾች ዝም ይላሉ፤ ቀጥሎ ማንኪያው፤ ከዚያ ጆንያው። ለጩኸቷ የጋሽ እንድሪስን ግመል ማይክሮፎን ፊት አቆምናት። ሌት ተቀን ስትጮህ የኖረች ግመል እንደ ሙሽራ አፏን ዘጋች። በካሴቱ ላይ የሚሰማው ግማሹ ግመሏ ስትቆጣ፣ ግማሹ ጋሽ እንድሪስ ሲስል ነው።

ሥራችን የሚፈተነው ጎብዬ፣ እትየ ዘይነብ ሻይ ቤት ነበር። አውቶቡሶች እዚያ ይቆማሉ። እትየ ዘይነብ ቴፑን ከፓስቲው መደርደሪያ በላይ ሰቅላዋለች፤ አዲስ ካሴት ሲወጣ መጀመሪያ ለእሷ ነው። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ተሳፋሪውን ሳይሆን ሻዩን አያለሁ። ሰው መጠጣቱን ረስቶ ሻዩ ከቀዘቀዘ ተረኩ ተሳክቷል። እትየ ዘይነብ ደግሞ ጨክና ትፈርዳለች፦ «ይኸኛው ትኩሱን ተጠጣ፤ ሂድ እንደገና ጻፍ» ትለኛለች። እኔ በዓለም ላይ የምፈራው የእሷን ፍርድ ነበር፤ አውሬ የጻፍሁትም እሷ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ስትቆም ለማየት ነበር ብል ብዙ አልዋሸሁም። ባለቤቴ ይህን ስታነብ ሻይ ማለቴ መሆኑን ትረዳልኝ።

የመንገዱ ሰው ግን አቃጠለኝ። ሮቢቶች መጡና «እመት ጎምላላ ከቆቦ በወጣች ቁጥር ሮቢትን ትረግጣለች፤ ምን አደረግንህ?» አሉ። እሺ ብዬ በቀጣዩ አሳለፍኋቸው። ጎብዬዎች ደግሞ «እኛን አንድ ቀን እንኳ ያልረገጠችን ንቃን ነው?» ብለው ተቆጡ። መንደሩን ለማስረገጥ በግ ይዞ የመጣ ሽማግሌ አለ። በጉን መለስሁት፤ ማለቴ ባለቤቴ አስመለሰችኝ።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ።

የመጨረሻውን ካሴት ስጽፍ ጋሽ እንድሪስ ግመል ፍለጋ አፋር ወርዶ ነበር። ሾፌሮቹ በየቀኑ ይጨቀጭቁኛል። እኔም ጻፍሁ፣ ቀዳሁ፣ አባዛሁ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ድርቅ ነው፤ ማሽላው ቁመቱ እንጂ ፍሬው የለም፤ ሰው ሊያጭድ ወጥቶ አገዳ ይዞ ይገባል። እመት ጎምላላ ጠምቷት ወርዳ፣ ሜዳው ላይ ደክማ ተኛች። አንድ ገበሬ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ማረሻውን በሁለት እጁ ይዞ ዘለለና አንገቷን አረዳት። ከዋጃ እስከ ጎብዬ ያለ ሰው ቢላዋውን ይዞ ወጣ። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ስጽፍ እንባ ቢጤ መጥቶብኛል፦ «ያን ዕለት በራያ ቆላ የራበው ሰው አልነበረም።»

ካሴቱን ይዤ ጎብዬ ሄድሁ። ሁለት አውቶቡስ ቆሟል። ሻይ ቤቱ ሞልቷል። የተቀዳው ሻይ ሁሉ ቀዘቀዘ። ገበሬው ከማማው ዘለለ፣ «በስመ አብ» አለና ማረሻውን ሰነዘረ። እዚህ ላይ የእትየ ዘይነብ ማንቆርቆሪያ አየር ላይ ቀረ። ደስ አለኝ፤ ፈዘዘች ብዬ። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ተሰማች። እትየ ዘይነብ ቴፑን ዘጋችው።

«ማን ነው ያልራበው?» አለችኝ።

«ሁሉም ሰው» አልሁ፣ አሁንም ምስጋና ነው የምጠብቅ።

«እኔስ?»

«አንቺም በልተሻል።»

«ምን በላሁ? በማን ስም የታረደ?» ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። «አላህ ይይልህ ታደሰ! ከመጀመሪያው ካሴት ጀምሬ አብሬህ ስሮጥ፣ ሰው ሻይ አላመጣሽም እያለ ሲቆጣኝ፣ በመጨረሻ ሰው ሁሉ ሲበላ እኔን በር ላይ አቆምኸኝ?»

ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን አንድ ግቢ ይኖራል፣ ይጋባል፣ አንድ ለቅሶ ይቀመጣል፤ ሥጋው ግን ለየብቻ ይታረዳል። ሠርግ ስንጠራ መጀመሪያ የምናስበው የእስላም ቤቱን አራጅ ነው። ይህን የማያውቅ ሕፃን በቆቦ የለም። እኔ ግን ቆላውን ሁሉ ልመግብ ተነሥቼ ብዕሬ በለመደበት «በስመ አብ» አለና አለፈ፤ ግማሹን ሰው ጦሙን አሳደርሁት።

አንድ ሾፌር ከወዲያ ጥግ «ኧረ እትየ፣ አይዞሽ፤ እኛም አልበላን» አለ። «ማሽላ የሚታጨድ መቼ ነው? የገና ጾም አይደል?»

ጾሙን ረስቼዋለሁ! ክርስቲያን ነኝ ባዩ እኔ፣ ሰውን ሁሉ በጾም አስገድፌዋለሁ።

«በዚያ ላይ ሻኛ አላት» አለ ረዳቱ። «የግመል ሻኛ ከሆነማ በፍስክም አንነካት።»

«ታዲያ ማን በላት?»

«ጅብ!»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ቆላውን በሙሉ የሚያጠግብ አውሬ አርጄ አንድ ሰው አላበላሁም። እኔም ከሰው ጋር ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ያልሳቀችው እትየ ዘይነብ ብቻ ናት።

«በክፉው ቀን ሕፃን ነበርሁ» አለች ሳቁ ሲበርድ። «እናቴና ጎረቤታችን እማማ በላይነሽ አንድ ድስት ነበር የቀራቸው። ሥጋ ከተገኘ አንዷ ልትበላ፣ አንዷ ልትቀር ሆነ። እና ንፍሮ ብቻ ነበር የሚቀቅሉበት። የተሰጠንን ሙክት እንኳ በንፍሮ እህል ለወጡት። እየራባቸው! አንዷ ብቻዋን እንዳትበላ ብለው። አንተ ግን በልብ ወለድ፣ ሁሉን ማድረግ በምትችልበት፣ እኔን አስቀረኸኝ።»

የቀዘቀዘ ሻዬን አንሥቼ ጨለጥሁት።

«ደግሞስ» አለች ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች፣ «ሴት ናት ትል የለም? ምን አሳረደህ? አልበሃት ኖሮ! ወተት በማን ስም ታለበ የሚል አለ?»

«ወተትም ጾም ነው እኮ» አለ ሾፌሩ።

«እስከ ገና ይረጋላችኋላ! እርጎ ትጠጣላችሁ!» አለችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች፦ «አንድ ጣሳ ወተት አለብህ።»

ጋሽ እንድሪስ ከአፋር ሲመለስ ካሴቱ ከወልድያ እስከ አላማጣ ተሽጦ አልቋል። ሰማውና እርሳሱን አወረደ። ያን ቀን ያጠነጠነውን ካሴት ብዛት አልናገርም። «ሻኛው የኔ ጥፋት ነው» አለ በመጨረሻ። «ሌላው የአንተ።»

«ላስነሣት? ሳትሞት ቀርታለች ብል?»

«የሞተች ሞታለች። አንዴ ካስነሣህ ከእንግዲህ ማን ይፈራሃል?» አሰበና፣ «ጥጃ ግን አለቻት» አለ።

የምን ጥጃ አልሁት። ሁለተኛው ካሴት ላይ፣ በጎሊና አሸዋ፣ ከትልቁ ኮቴ አጠገብ ትንሽ ኮቴ ጽፈህ የለም ወይ አለኝ። ነበር። በስሕተት ነው የጻፍሁት፤ የፊት እግርና የኋላ እግር አንድ መጠን መሆኑን የማላውቅ የከተማ ልጅ ስለሆንሁ። እሱ ያን ጊዜ አይቶ ዝም ብሎኝ ኖሯል። «ጥጃዋ ሴት ናት። ታድጋለች፣ ትወልዳለች፣ ታለባለች። ለዘይነብ ትከፍላለህ» አለ። ቀጥሎ ግን ያቺን የደላላ ጣቱን ቀሰረ፦ «ኮርማውን ሳታገኝ እንዳትጀምር። ያለ ኮርማ የወለደች ከብት አልቀበልህም።»

ይኸው ኮርማ ስፈልግ አረጀሁ። እናንተ እስቲ ለእንዲህ ያለች ጊደር ኮርማ ፈልጉ! የት ተደብቆ ይኖራል? ዞብል ማዶ እንዳልለው ያን አገር አፋሮች በሙሉ ያውቁታል። ምን ይግጣል? አንድ ጊዜ በግራካሱ ተራራ በኩል ላመጣው ሞከርሁ፤ ጠመዝማዛው መንገድ ላይ መታጠፍ አቃተው። ሌላ ጊዜ ከባሕር አወጣሁት፤ «አሣ ነው ወይስ ኮርማ?» ብሎ ጋሽ እንድሪስ እርሳሱን አነሣ።

በመሐል ካሴት ሞተ። ደሴ አንድ መጽሔት ላይ ተቀጠርሁ፤ አዘጋጁ «የአውሬዋን ቁመት በሜትር» ይለኛል። ማማ ላይ የተማርሁትን ብነግረው አልገባውም። በሜትር ብጽፍለት፣ አንዱ አንባቢ አስልቶ በዚህ ቁመት አጥንቷ ይሰበራል ብሎ ጻፈ። አዘጋጁ አሳጥራት አለኝ። አውሬ ከማሳጥር ብዬ ወጣሁ። ቆቦ ተመልሼ በሚሞሪ ካርድ ከዘፈን ጋር እየጫንሁ ሸጥሁ፤ አውሬዬ ሊያገሣ ሲል ክራር ይገባበታል። ከዚያ ያ የቴሌግራም ጎረምሳ። በዚህ ሁሉ መሐል መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሾፌር «አራጁ መጣ!» ይለኛል። ዶሮ እንኳ አርጄ የማላውቅ ሰው።

ጋሽ እንድሪስ ኮርማው ሳይገኝ አረፈ፤ ነፍሱን ይማር። እርሳሱን ልጆቹ ሰጡኝ፤ ጆሮዬ ላይ ላስቀምጠው ስል መነጽሬን ይገፋዋል። እትየ ዘይነብም ሻይ ቤቱን ለነኢማ አስረክባ ቤት ዋለች። በየዒዱ ልጠይቃት ስሄድ ከሰላምታ በፊት «ኮርማው ተገኘ?» ትላለች። ባለፈው ዒድ ግን አልጠየቀችኝም። እጄን ብቻ ይዛ ቆየች። ያ ከሁሉም ባሰብኝ። ተስፋ ቆርጣ ይሆን፣ ወይስ ሞቴ ቀረበ ብላ ይሆን ብዬ ቤቴ ስገባ ብዕር አነሣሁ። ዛሬ ጠዋት በስሕተት ለእድር የላክሁት የዚያ ጽሑፍ መጀመሪያ ነበር፤ ጊደሪቱ አድጋ ስትወርድ። ኮርማ ግን አሁንም የለም።

የዛሬውን የድምፅ መልእክቷን እንደሰማሁ ደወልሁላት።

«እትየ፣ ኮርማው አልተገኘም እኮ።»

«ለምንህ ነው ኮርማ?»

«ጋሽ እንድሪስ ያለ ኮርማ አትጀምር ብሏል።»

«እንድሪስ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ደላላ ነበር። ደላላ የኮርማ ዘር ይጠይቃል። እኔ ሻይ ቤት ነኝ። እኔ የምጠይቅ ወተት ነው። አርግዛ ትምጣ! አባትየውን ማን ጠየቀህ?»

ስንት ዘመን የታገልሁበትን ጉድ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። ስልኩን ሳልዘጋ መነጽሬን ከግንባሬ አወረድሁና ጻፍሁ። ጊደሪቱ አርግዛ ወረደች። ሜዳው ላይ ወለደች። ገና አልፏል፤ ረመዳንም አይደለም፤ ሻኛ የላትም፤ ሰኮናዋ የተሰነጠቀ ነው፣ ታመሰኳለች። ሰው ሁሉ የማለቢያ ግሬራውን፣ ጣሳውን፣ በርሜሉን ይዞ ከግቷ ሥር ቆመ። እዚህ ላይ ብዕሬ ቆመ።

«እትየ?»

«አቤት።»

«ላም እንዴት ነው የሚታለብ?»

ሳቋ መጣ፤ ያን ዕለት ሻይ ቤት ውስጥ ያልሳቀችው ሁሉ ተጠራቅሞ። «አጃኢብ! ነኢማ፣ ነይ ስሚ! ዕድሜውን ሙሉ አውሬ ሲያረባ ኖሮ ማለብ አይችልም!»

«ማረድስ መች እችል ነበር? አላየሽም?»

«አይቻለሁ፣ አይቻለሁ» አለች ሳቁ እያሳላት። «ና በል። ነኢማ ላም አላት፤ አሳይሃለሁ። ጣሳዬን አጥቤ አስቀምጫለሁ። በእጅህ ቀድተህ ጀባ ሳትለኝ እንዳትሞት፤ እኔም አልሞትም።»

ነገ ጠዋት ወደ ጎብዬ እወርዳለሁ። ሮቢትን አልረግጥም። አንድ ጣሳ ወተት አለብኝ።